ቱርኩ ሳይገባ የወጣበት ግንብ

ጣሊያን አገር ኦትራንቶ የምትባል፣ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ወደብ አለች። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ጣናን ብቻ ነው። ታዲያ ምን ነክቶኝ የማስተርስ ጥናቴን በእሷ ላይ ሠራሁ? አማካሪዬ "ስለ ጎንደር ግንብ ያልጻፈ የለም፤ ሌላ ፈልጊ" ስላለኝ ነው። እልኸኛ ነኝ፤ ፈለግኩ።

እውነቱን ለመናገር ግን እልሁ ለግንቡ አልነበረም። ስድስት ዓመት እብናት ታሪክ ሳስተምር ባሌና ልጄ ደብረ ታቦር ነበሩ። ልጄን የማገኛት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ደብረ ታቦር አንድ ትምህርት ቤት ማስተርስ ላለው የታሪክ መምህር ቦታ ከፈተ፤ ርዕሰ መምህሩም እስከ ሰኔ ዲግሪውን ካመጣሁ ቦታው የእኔ እንደሆነ ነገረኝ። ከሰኔ ካለፈ ለሌላ ሊሰጥ ነው።

ስለዚህ የኦትራንቶን ገዢዎች እንደ ዳዊት ደገምኳቸው። ቢዛንታይን፣ ኖርማን፣ ከጀርመን የመጡት፣ ከፈረንሳይ የመጡት፣ የአራጎን ነገሥታት። ከዚያ ቱርክ ገባ፤ ዓመት አለፍ ሲለው ተባረረ። አራጎኖቹ ተመልሰው ግንቡን አጠናከሩት፤ ኋላም ስፔን፣ እያለ እያለ ጣሊያን አንድ አገር እስክትሆን። ልጄ በስልክ ትሰማኛለች። "እማዬ፣ ቱርኩ ወጣ?" ትለኛለች። "ኧረ ገና፣ ኖርማን ላይ ነኝ!" እላታለሁ።

ሰኔ ገባ። ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ገለጻዬን ላሳትም ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ገበያው አጠገብ ወዳሉት ሐጂ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ሐጂ የሰው ወረቀት ሳያነቡ አያትሙም። ማመልከቻም ይሁን የክስ ደብዳቤ ያነቡታል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይኼ ቱርክ ሳይገባ ነው እንዴ የወጣው?"

"ምን ማለትዎ ነው፣ ሐጂ?"

"አንቺ በጻፍሽው ከሆነማ ከመግባቱ ስድስት ዓመት ቀድሞ ወጥቷል።"

ወይ ጉዴ! የፈረንጁን ዘመን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ ከመጨረሻው ገዢ ተነሥቼ ወደ ላይ እየወጣሁ ነበር። ቱርኩ የወጣበትን ዓመት እንደመለስኩ የተማሪዎች ፈተና እርማት መጣና አቋረጥኩት። ስመለስ የጨረስኩ መሰለኝ። የቱርኩ መግቢያና ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ በፈረንጅ ቀርቷል፣ ከዚያ በኋላ ያለው በእኛ፤ እኔ ሞኟ ሁሉም ላይ "ዓ.ም." ብዬ ለጥፌበታለሁ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ጥናቱ ታትሞና ተጠርዞ ፈታኞቹ እጅ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

"ሌላ አሳትሜ፣ የደረሳችሁ የተሳሳተው ቅጂ ነው ብላቸውስ?" አልኩ።

ሐጂ ተቆጡ። "ወላሂ አላትምልሽም! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ተሳስቻለሁ በያቸው፤ ምን ይውጥሻል?" አሉና ትክክለኛዎቹን ዓመታት አስጽፈውኝ "እርማት" የሚል አንድ ገጽ አተሙልኝ። አኩርፌ ወጣሁ። ወረቀቱን ግን ይዣለሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገለጻዬን ሳልጀምር እርማቱን አደልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት አዛውንት ፈታኝ የእኔን ጥናት ገለጡ። ያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ክብ አድርገውበታል።

"ከሌላ ሰው ገልብጣ የጻፈችውን ሳታነብ መጥታለች ብዬ ልጥልሽ ነበር የመጣሁት" አሉኝ። "እስቲ ወረቀቱን አስቀምጪውና በቃልሽ ንገሪኝ።"

ከቢዛንታይን ጀምሬ አወረድኩላቸው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ግንቡን ማን አፈረሰ፣ ማን ጠገነ። ስጨርስ እርማቱን አጥፈው ጥናቱ ውስጥ ከተቱና "ይኼ አብሮ ይጠረዝ፤ አልፈሻል" አሉ። "ኡፍፍ፣ ተመስገን!" አልኩ፣ አዳራሹ እስኪሰማኝ። አላፈርኩም። ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት ሐጂ ጋ ነው፤ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል "ተይ! ተይ!" እያሉ ሳቁብኝ።

ደብረ ታቦር ቤታችን ስደርስ ልጄ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"እማዬ፣ ቱርኩ ወጣ?"

"ወጣ! እኔም ከእብናት ወጣሁ።"

"እና ሰኞ እዚህ ነሽ?"

"ሰኞ እዚህ ነኝ።"

"ማክሰኞስ?"

"ማክሰኞም።"

ቀሚሴን ይዛ፣ አንድም ቀን ሳትዘል፣ እስከ ዓርብ ጠየቀችኝ።