ከሐይቅ ወደ አሜሪካ የተነሳችው መርከብ

ዛሬ ጠዋት ውጫሌ ላይ ከሱቄ ጀርባ ያለችው ጎረቤቴ እርጥብ ገለባ አቃጠለች። ሌሊት ዝናብ ያገኘው ገለባ ስለነበር እሳቱ እምቢ አለና ወፍራም ነጭ ጭስ ብቻ ወጣ። በመስኮቱ ገብቶ ፎቶ ኮፒ ማሽኑንም፣ ደብተሮቹንም፣ እኔንም አለበሰን። ሌላ ቀን ቢሆን ወጥቼ የሚባለውን እላት ነበር። ዛሬ ግን ባለሁበት ቆሜ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። እርጥብ ገለባ ሲጨስ ሌላው ሰው ምን እንደሚሸተው አላውቅም፤ እኔን የሚሸተኝ መርከብ ነው።

መርከብ ስላችሁ እንዳትስቁብኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። የማውቀው ውሃ ያንን ሐይቅ፣ የማውቀው ጀልባም ዓሣ አጥማጆቹ የሚቀዝፉትን ነው። ይሁንና ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን ልታቋርጥ በተነሳች ባለ አራት ጭስ ማውጫ መርከብ ላይ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ነበርኩ። ባርኔጣም ነበረኝ።

የቲያትር ክበባችንን የሚመራው የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው። አንድ ቀን ከአሮጌ የውጭ መጽሔት የተቀደደ ፎቶ ይዞ መጣና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሰዎች ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ይጓዙባት የነበረች የእንፋሎት መርከብ ናት አለን። ከላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች ተንፈላሰው ተቀምጠዋል። ከታች ሻሽ ያሰሩ እናቶችና ጓዝ የታቀፉ ልጆች ተፋፍገው ወደ ላይ ያያሉ። በመካከላቸው የብረት በር አለ። «ቲያትራችን ይሄ በር ነው» አለ መምህሩ ጣቱን በሩ ላይ አድርጎ። በጻፈው ድርሰት የላይኞቹ ይበላሉ፣ የታችኞቹ ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ ማዕበል ይነሳል፣ በሩ እንደተዘጋ መርከቧ ትሰጥማለች፣ ለወላጆች ቀን የመጣውም ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ማልቀሱን በጣም ነበር የሚፈልገው።

መርከቧን የሠራናት ሐይቁ ከሩቅ ከሚታይበት ከመማሪያ ክፍሉ ፊት ለፊት ነው። የሲሚንቶው በረንዳ የሀብታሞቹ ፎቅ ሆነ፤ ከደረጃው በታች ያለው ሜዳ የድሆቹ። ጭስ ማውጫዎቹ የተጠቀለሉ ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ አራተኛው ስላልተገኘ ከካርቶን ሠርተን በከሰል አጠቆርነው። ከሥራቸው ሁለት ልጆች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ እርጥብ ገለባ ያጨሱ ነበር። የብረቱ በር የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሽቦ አልጋ ነው፤ በቁሙ አቁመን ከደረጃው ግራና ቀኝ አሰርነው። ዘበኛው ያን ሰሞን መሬት ላይ ተኛ። ላገኘው ሰው ሁሉ «አልጋዬን አሜሪካ ወሰዱብኝ» ይል ነበር።

ካፒቴኑ ደግሞ ጉድ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በደሴ መንገድ ላይ የሚኒባስ ረዳት ነው። መምህሩ «በል፣ ተሳፋሪዎችን ጥራ» ባለው ቁጥር አንድ እጁን የጭስ ማውጫው ላይ አድርጎ፣ ሰውነቱን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጎ፣ «አሜሪካ! አሜሪካ! አሜሪካ! አንድ ሰው የቀረው! የሞላ ነው፣ ግቡ!» ብሎ ይጮኻል። መምህሩ ካፒቴን እንዲህ እንደማይጮኽ ቢያስረዳው፣ ልጁ በእውነት ግራ ተጋብቶ «ታዲያ በምን ይሞላል?» ብሎ ጠየቀ። ጩኸቱ እንደዚያው ቀረ።

ቀጥሎ የምግቡ ጣጣ መጣ። ድርሰቱ ላይ ሀብታሞቹ የሚበሉት ጥብስ ሥጋ ነበር። መርከበኛ የሆነው ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ በሬውን ማነው ያረደው?» አለ። መምህራችን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ጥያቄው አልገባውም። እኛ ግን ወዲያው ገባን። ግማሻችን ክርስቲያን፣ ግማሻችን ሙስሊም፤ ሠርግ ላይ እንኳ ሁለት ድንኳን ተጥሎ፣ ለየብቻ ታርዶ፣ ከዚያ ነው አብረን የምንጨፍረው። እንዲህ ያለች ትልቅ መርከብ ሁለት ማድ ቤት የላትም እንዴ? ክርክሩ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በላ። መጨረሻ ላይ አባቷ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ልጅ «ለምን ዓሣ አይበሉም?» አለች። ዓሣ ማን አረደው አይባልም። ጊዜውም ከፋሲካ በኋላ ስለነበር ጾም የለብንም። መምህሩ «ይሁን፣ ዓሣ» ብሎ ድርሰቱ ላይ ሥጋውን ሰረዘ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ የበላን ልጆች ነን። ሽሮ ከኔ ቤት፣ ምስር ከነሱ ቤት፣ እየደባለቅን። ሳቂታ ናት። ሳቋ ሲመጣ አስቀድሞ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ይያዛል። የሀብታሟን ሴት ባርኔጣ የፈለሰፈችው እሷ ነበረች፤ የእናቷን ሰፌድ አምጥታ፣ ነጭ ሻሽ ጠምጥማ፣ የዶሮ ላባ ሰክታበት፣ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ስትገባ ንግሥት ነበር የምትመስለው። መምህሩ ባርኔጣውን አደነቀ፤ ከሷ ጭንቅላት አንሥቶም የኔ ጭንቅላት ላይ አደረገው። «አንቺ ትስቂያለሽ፤ ይህቺ ሴት አትስቅም» አላት። ለሷ ከታች የምትቆም፣ የጨርቅ ሕፃን የታቀፈች፣ አንድም ቃል የማትናገር እናት ሰጣት።

እኔም ባርኔጣውን አላወለቅሁትም። ምን ላድርግ፣ ያምር ነበር! እሷ «ይመችሽ፣ እሜቴ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኮራረፍን። ምሳ ሰዓት እሷ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ፣ እኔ ከዋርካው ሥር፤ የኔ ሽሮ ብቻውን፣ የሷ ምስር ብቻውን። ሽሮ ብቻውን እንዴት እንደሚሰለች ያኔ ነው ያወቅሁት።

ኩርፊያችን በዚህ ብቻ ቢያበቃ ምንም አልነበረም፤ የልጅ ኩርፊያ ነው፣ ይበርዳል። ግን አባቷ ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ከወላጆች ቀን ማግስት ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው ተባለ። እናቴ ነግራኝ፣ «ሂጂና ታረቂያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመለስኩ። ቀድሞ የሚናገር የተሸነፈ ይመስለን ነበር። ሌሊት ሌሊት ስለ ኮምቦልቻ አስብና ከአሜሪካ ይልቅ ይርቀኝ ነበር።

በልምምድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረብኝ። የሀብታሟ ሴት ሥራ ሳትናገር፣ ወደ ታች ሳታይ መብላት ነው። እኔ ግን እጄ ሳህን ሲነካ አፌ ራሱ «እንብላ» ይላል። ምን ላድርግ! ሰው እያየኝ እንዴት ዝም ብዬ እጎርሳለሁ? ሳህኑ ባዶ ነው፣ ምግቡ የለም፣ እኔ ግን «እንብላ»። የታችኞቹም ድሆች መሆናቸውን ረስተው በአንድ ድምፅ «ብሉ፣ ይባረክ!» ይላሉ። መምህሩ ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። «እነዚህ ሰዎች እኮ አይተዋወቁም! አይጠሯቸውም!» ይላል። «ባይተዋወቁስ?» እንለዋለን። በመጨረሻ መላ ፈጠረልኝ፤ ስበላ ሐይቁን ብቻ እንዳይ። ሐይቁን እያየሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ዝም ማለት ቻልኩ። ጓደኛዬ በነዚያ ሁሉ ልምምዶች አንድም ቀን «ይባረክ» አላለችኝም፤ የጨርቅ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ሌላ በኩል ታይ ነበር።

የወላጆች ቀን ፀሐይ ደማቅ ነበረች። ሐይቁ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። እናቶች ጥላ ዘርግተው፣ አባቶች ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ቄሱም ሼኹም ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ገለባው ጨሰ፤ የካርቶኑ ጭስ ማውጫ ትንሽ ተቃጠለና አጠፉት። ካፒቴኑ «አሜሪካ! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ከሕዝቡ መሐል አንድ ሽማግሌ «ስንት ነው ታሪፉ?» ብለው ጠየቁ። ሳቁ ሜዳውን ሞላው። መምህሩ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ጥፍሩን ይነክስ ነበር።

ከዚያ ዓሣው መጣ። እውነተኛ ዓሣ! አጥማጁ አባት ያን ጠዋት ያወጡት፣ በዘይት ተጠብሶ ቆዳው ቀይ ብሎ የተሰነጣጠቀ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ የተደረገበት። ሽታው በበረንዳው ላይ አልፎ፣ በሽቦ አልጋው ሾልኮ ወደ ታች ወረደ። ድሆቻችን ምራቃቸውን ሲውጡ ለትወናው አልነበረም።

እጄን ዘረጋሁ። ሐይቁን ለማየት ቀና አልኩ። እሷ ግን በሐይቁና በኔ መካከል ቆማ ነበር፤ ሽቦውን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሕፃኑን በሌላው አቅፋ። ከተኮራረፍን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እያየችኝ ነበር። ነገ የሚሄዱ መሆናቸውን አሰብኩ። መምህሩንም፣ ባርኔጣውንም፣ ሊያለቅስ የመጣውንም ሰው ረሳሁ። ይህኛውን አፌ ራሱ አላለውም፤ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አውቄ፣ ስሟን ጠርቼ።

«እንብላ።»

ከመጋረጃው ጀርባ መምህሩ «ወይኔ!» ሲል ተሰማ። የሷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቋ መጣ፣ «ወላሂ ሞቼ ነበር በራብ! ቢስሚላህ!» አለችና የሽቦውን አልጋ በትከሻዋ ገፋችው። በሩን እንዲጠብቅ የተመደበው መርከበኛ ሊከለክላት ሲገባው ገመዱን ፈታላት። ስትወጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረስኳት፤ እሷም እኔን መልሳ። ሰፌዱን ከጭንቅላቴ አውልቄ ጭንቅላቷ ላይ አደረግሁላት። ዓሣው ውስጥ እሾህ ነበረው፤ እያለቀስንና እየሳቅን እሾኹን ስንለቅም ሌሎቹ ድሆች ደረጃውን ወጥተው አጠገባችን ነበሩ። ባለጥላሸቶቹም ገለባቸውን ትተው መጡ። ካፒቴኑ መሪውን ጥሎ ከሁሉም በላይ በላ።

መምህሩ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወጣ። «ማዕበሉስ? መስጠሙስ?» ይላል። የጓደኛዬ እናት ከሕዝቡ መሐል ተነሥታ «አብሽሩ መምህር፣ ዛሬማ አትሰጥምም! ይልቅ እርስዎም ይቅመሱ!» አለችው። ሼኹና ቄሱ ተራ በተራ መርከቧን መረቋት፤ «በሰላም ያግባችሁ» ተባለልን፤ ሕዝቡም «አሜን!» አለ። መምህራችን ደረጃው ላይ ተቀመጠና የዓሣ ጭራ ተሰጠው። ከኛ ከሁለታችን ሌላ ያለቀሰ ሰው ከተገኘ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሚጥሚጣው ነው አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጓዛቸው አይሱዙ ላይ ተጫነ። ምሳ ዕቃዬን ሰጠኋት፣ የሷን ሰጠችኝ። ሰፌዱን ጭንቅላቷ ላይ እንዳደረገች ከፍራሾቹ አናት ላይ ወጣች። መኪናው ሲነሳ እንደ ካፒቴኑ አንድ እጇን ዘርግታ፣ ሰውነቷን ዘንበል አድርጋ፣ «አሜሪካ! አሜሪካ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለች ጮኸች። እኔም እየሳቅሁ ከኋላዋ ሮጥኩ፤ ከተማው ዳር ድረስ ሮጬ አቧራው ውስጥ ቆምኩ።

ኋላ ላይ ከኮምቦልቻ ዓረብ አገር ለሥራ እንደሄደች ሰማሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቁጥሬን ከዘመድ አግኝታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሳቋ ያው ነበር። «እዚህ ቤት እኮ ምሳዬን ማድ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቼ፣ ለብቻዬ ነው የምበላው። ያችን የሽቦ አልጋ አስታውሼ ስስቅ ማዳሜ ያበድኩ መሰላት» አለች። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አልሠራልኝም።

ጭሱ አሁን ከሱቄ ወጥቷል፤ ምሳ ሰዓትም ደርሷል። ምሳ ዕቃው የሷ ነው፣ ክዳኑ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ። ስከፍተው ሁልጊዜ ወደ በሩ ዞሬ፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ «እንብላ» እላለሁ። ከዚያ ትንሽ ቆይቼ ነው የምጎርሰው።