መውደቄ ከቀረ በኋላ

የሚጥል በሽታ ስለነበረብኝ እሳት አጠገብ አያስደርሱኝም፣ ውሃም አያስቀዱኝም ነበር። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ቤታችን አባቴ ይሸምናል፤ እኔና እናቴ እንፈትላለን። እንዝርት ማንንም አያቃጥልም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ክብሪት ቋጥራ ነበር የምትዞረው። ስወድቅ ሰዉ አረፋዬ እንዳይነካው ሲሸሽ፣ እሷ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ክብሪቱን ትጭርና ጭሱን ታሸተኛለች።

በኋላ ከሆስፒታል ክኒን ተሰጠኝ፤ መውደቁ ቀረ። ጎረቤት እልል አለ። እኩዮቼ ሲዳሩ እኔ አንደኛ ክፍል ገባሁ።

«እትዬ፣ ልጅሽን ልታስመዘግቢ ነው?» አለኝ አንዱ ጩጬ።

«አዎ፣ አንተን» አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀበት።

ፊደሉን ወደድኩት። ግን ብዙም ሳይቆይ ያ የማውቀው ነገር መጣ። ሆዴን ባር ባር ይለዋል። መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ ከዚያ ገጽ አላልፍም። እህል አፌ ውስጥ ይንከራተታል። ዛሬ ድባቴ ይሉታል፤ ያኔ እኛ ቤት ስም አልነበረውም። ትምህርት ቤት መሄድ ተውኩ።

«ድነሽ የለም እንዴ? ምን ጎደለሽ?» ይለኛል አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ። «ፈጣሪን አታስቀይሚ!»

ምን እንደጎደለኝ ባውቅ እነግረው ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንደተኛሁ እናቴ አጠገቤ ቁጭ አለች። ቋጠሮዋን ስትፈታ ተሰማኝ። ጫረች። ጭሱ አፍንጫዬን ሰነፈጠው።

«እማዬ፣ አልወደቅሁም እኮ!»

«አያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሌላ መድኃኒት ከየት ላምጣ?»

ክብሪቱን ጣቷን እስኪለበልባት ያዘችው። ስንፍና አላለችውም፤ ጥጋብም አላለችውም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ነገር ነው ብላ ያሰበች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

በማግስቱ ክኒን ልናመጣ ሆስፒታል ሄድን። ክኒኑን የሚሰጠን ድሬሰር ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ወድቃለች?»

«ተመስገን፣ አልወደቀችም» አለች እናቴ እንደ ወትሮዋ። ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«ይቆዩኝ ጌታዬ፤ አልዳነችም። ራሷ ትንገርዎ።»

ነገርኩት፤ እህሉን፣ እንቅልፉን፣ የማላልፈውን ገጽ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ነው» አለች እናቴ ቀድማኝ።

«አይደለም» አልኩ። «መጀመሪያ ከመውደቄም በፊት ነበረ። ሊጥለኝ ሲልም እሱ ነው ቀድሞ የሚመጣው።»

ድሬሰሩ ብዕሩን አስቀምጦ ሐኪሙን ሊጠራ ተነሳ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ። ሁለቱ ሕመሞች ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚኖሩ፣ አንዱ ሲሻል ሌላው የግድ እንደማይሻል ነገረን፤ ክኒኔንም ለወጠው። ወደ ትምህርት ቤት የተመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ቀስ ብዬ።

ያን ቀን ግን ዳገቱን ስንወጣ እናቴ ከፊት ከፊቴ ትሄድ ነበር። ቤት ልንደርስ ስንል ቆም አለች።

«ከመውደቅሽም በፊት?»

«ከዚያም በፊት።»

የነጠላዋን ቋጠሮ በጣቷ ዳሰሰች።

«ያኔ እኮ ክብሪት እንኳ አልያዝኩም ነበር» አለች።