ቂም የያዘ ከምንጩ ይውጣ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡20፤ ደሴ

ስንነሳ ከተማው ገና በጭጋግ ውስጥ ነበር። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው የዘንድሮው የቁንጅና ውድድር አሸናፊ ሐያት ናት፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት። ዘውዷን በካርቶን ሣጥን አሽጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ሾፌራችን ጋሽ መኮንን ሣጥኑን በዓይናቸው ለክተው፣ እንቁላል ከሆነ ቀስ ብለው እንደሚነዱ ነገሯት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ከኋላ ወንበር ሆኜ ደብተሬን ከፈትሁ።

ሥራችን የተከፋፈለ ነው። ሐያት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር በሚደረገው የምንጭ ጠረጋ በጎ ፈቃደኛ ሆና ትውላለች፤ እኔ ደግሞ ውሎዋን ለጋዜጣ እጽፋለሁ። የጋዜጣው አዘጋጅ እኔን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርቷን፣ ለዚህ የመረጠበት ምክንያት «አገርሽ ስለሆነ» የሚል ነበር። አገሬ ነው። ምንጩም እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቀዳችበት ምንጭ ነው። ከረገጥሁት አራት ዓመት ሆኖኛል።

ከጠዋቱ 12፡40፤ ጉጉፍቱ

ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ረጃጅሞቹ የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ በጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ የበግ ጸጉር ባና የተከናነቡ ገበሬዎች አህያ እየነዱ በመንገዱ ጠርዝ ይወርዳሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ከፊታቸው ይቀድማል። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል። ሐያት መስኮቱን ከፍታ ብርዱ ሲያስነጥሳት መልሳ ዘጋችው። ይህን መንገድ ተማሪ ሳለሁ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ የሚጠብቀኝ ሰው ስለነበር ብርዱን የማስታውሰው እንደ ወሬ ብቻ ነው።

ከጠዋቱ 2፡15፤ አቀስታ

ቁርስ ፍርፍር፣ ትኩስ ዳቦና ሻይ። የቤቱ እመቤት ሐያትን አገላብጠው አዩና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ ዘውድ መጫኗን ሲሰሙ ግን ከስታለች ብለው ዳቦ አስጨመሩላት።

ሐያት ምንጭ ሲጠረግ አይታ አታውቅም። የነገሯት አካፋ ይዛ ፎቶ እንድትነሳ ብቻ ነው። ሥርዓቱን አስረዳኋት። መንደሩ የምንጩን ደለል የሚያወጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥር ላይ ነው። ማንም ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌው «ቂም የያዘ አለ?» ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። በቦታው ከተገኘ ሰው ጋር የተኳረፈ ወይ እዚያው ይቅር ይላል ወይ ይወጣል። የወጣ ያን ቀን አይጠርግም፤ ከምንጩም አይቀዳም። ቂም ይዞ የገባ ሰው ውሃውን ያደርቀዋል ይባላል። የተጣላው ሰው በቦታው ከሌለ ግን ቂሙ አይቆጠርም።

ሐያት ዳቦዋን አስቀመጠች። «እርስዎስ ዶክተር፣ ቂም አለብዎት?»

አለብኝ አልኋት። ያልነገርኋትን ለአንባቢ እነግራለሁ። እናቴ ስትታመም እኔ አዲስ አበባ የዶክትሬት ጥናቴን ለፈታኞች ለማቅረብ እየተዘጋጀሁ ነበር። እናቴ «ልጄን እንዳትረብሹብኝ» ብላ አዘዘች፤ ታላቅ እህቴ ዘሀራም ትእዛዙን አከበረች። የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። መጥቼ እንደ ሰው አላለቀስሁም፤ ጠየቅሁ። መቼ ታመመች? ማን ያውቅ ነበር? ለምን አልተደወለልኝም? ዘሀራ ሁለቱን መለሰች። ሦስተኛውን ስጠይቃት ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

የሽማግሌውን ጥያቄ ረስቼው ነበር ብል ዋሾ እሆናለሁ። ሁለታችን አንድ ቦታ ቆመን የምንጠየቅበት ቀን ከዚህ ሌላ የለም። የመጣሁትም ያን እንድንጠየቅ ነው። ስሌቴ ቀላል ነበር፤ ዘሀራ ከምንጩ ከምትወጣ ይልቅ ይቅር ትለኛለች።

ከረፋዱ 5፡00፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ምንጩ ዘንድ

ከመኪና መንገዱ ሃያ ደቂቃ ቁልቁል በእግር ወረድን። ለሐያት ድንኳን ተተክሏል፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ወንበርና የታሸገ ውሃ ቀርቧል። ወንዱም ሴቱም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አካፋና ሳፋ ይዞ ከምንጩ እስከ ደለሉ መድፊያ ተሰልፏል። ዘሀራ ከሰልፉ ጫፍ፣ ከምንጩ ዓይን አጠገብ ቆማለች። ያ ቦታ የእናታችን ነበር። ደለሉ ሥር ውሃው የሚፈልቅበትን ነጥብ በእግር ጣት ዳስሶ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ለዚያ የሚመረጠው የሚያውቅ ሰው ነው። ጸጉሯ ከሻሿ ሥር ሸብቷል። አየችኝና ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች።

ሽማግሌው ሼህ ሙህዬ ዱዓ አድርገው ጠየቁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሁለተኛው አንድ ጎልማሳ ከአማቱ ጋር በበግ ነገር መጋጨቱን አስታውሶ ሲወጣ፣ አማቱ ከሰልፉ መሀል «እኔ እኮ ረስቼው ነበር፤ ና ግባ» አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ ሰውየውም ተመልሶ ገባ። ይቅርታ ለአንዳንድ ሰው ይህን ያህል ይቀላል።

በሦስተኛው ዘሀራ አካፋዋን ዳር ላይ አቆመች። ቀሚሷን ሰብስባ ከሰልፉ ወጣች፤ ከእኔም አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። ሼህ ሙህዬ ወደ እኔ ሲዞሩ እኔም ከሰልፉ ራቅሁ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ምንጭ የጠረገችው እኔ ስላልነበርሁ ነው። በመምጣቴ የእናታችንን ቦታ ነጠቅኋት። ስሌቴ ስህተት ነበር።

የምንጩ ዓይን ባዶውን ቀረ። ሽማግሌዎቹ ማን እንደሚገባ ሲመካከሩ ሐያት ከድንኳኑ ወጣች። የማዕረግ ጥብጣቧን ከትከሻዋ አውልቃ፣ የዘውዱን ሣጥን ጨምራ እጄ ላይ አስቀመጠች። «እኔ እዚህ የተጣላሁት ሰው የለም» አለች፤ ጫማዋንም አውልቃ ገባች።

ሴቶቹ ቁንጅናዋ እንዳይረጥብ መከሯት። አንዷ፣ በወገቧ መመረጧን ሰምተው እንደነበርና ወገቡ አሁን እንደሚታይ ተናገረች። ሐያት የመጀመሪያውን ሳፋ ስታነሳ ግማሹን ደረቷ ላይ ደፋችው። አካፋውን የምትሰካው ያለቦታው ነበር፤ ውሃው ይደፈርሳል እንጂ አይፈልቅም። ፎቶ አንሺው ስሟን ቢጠራም ቀና አላለችም።

ከአሥር እርምጃ ርቀት የእህቴን ድምፅ ሰማሁ። «ልጄ፣ በዓይንሽ አትፈልጊው። በእግርሽ ጣት ዳብሺው። ቅዝቃዜው አጥንትሽ ድረስ ሲገባ እዚያ ቁፈሪ።»

እኔን ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ያስተማረችኝም በነዚሁ ቃላት ነው። ሐያት እያነከሰች ዳበሰች፤ ድንገት ቆመች፤ ቆፈረች። ከጭቃው ሥር ጥርት ያለ ውሃ እንደ ገመድ ተስቦ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ የዘውድ ሣጥን ታቅፌ ቆሜአለሁ። በሕይወቴ ያገኘኋቸውን ማዕረጎች ሁሉ ብደምራቸው ያን ጭቃ የምረግጥበት አንድ ቦታ አይገዙልኝም ነበር።

ቀን 6፡40፤ ወደ ገደሉ ሥር ውሃ

የጠረጉት በየተራቸው በእፍኛቸው ጠጡ። ዘሀራ ሁለት ጀሪካን አንስታ ወደ ገደሉ አቀናች፤ ከሰልፍ የወጣ ያን ቀን የሚቀዳው ከዚያ ነው። መውረዱ ብቻ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሣጥኑን ለጋሽ መኮንን ሰጥቼ ተከተልኋት። አንዱን ጀሪካን ከእጇ ስወስድ አልከለከለችኝም፤ አልሰጠችኝምም።

ወርደን ቀዳን። ዳገቱ ላይ ሳዘግም ቆማ ጠበቀችኝ።

«በግራሽ ያዢው» አለች። «እጀታው በዚያ በኩል ይቆርጣል።»

ከአራት ዓመት በኋላ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። በግራዬ ያዝሁት። ጥቂት ከወጣን በኋላ፣ ሳትዞር፣ ያልመለሰችልኝን ሦስተኛ ጥያቄ መለሰች። በመጨረሻው ቀን ስልኩን አንስታ ቁጥሬን መትታ ነበር። አንዴ ሲጠራ እናታችን ከአልጋዋ ሆና አየቻት። በዓይኗ ብቻ። ዘሀራም አጠፋችው።

ያን ጥሪ አስታውሳለሁ። አንዴ ጮኾ የጠፋ ስልክ ነበር፤ ለፈታኞቼ የማቀርባቸውን ወረቀቶች እያስተካከልሁ ስለነበር ስልኩን ድምፅ አልባ አደረግሁት። መልሼ አልደወልሁም። ይህን ለዘሀራ ነገርኋት። ሦስቱን ጥያቄ ከመጠየቄ በፊት እርስዋ ብቻዋን ቀብራ እንዴት እንደሰነበተች መጠየቅ እንደነበረብኝም ነገርኋት። ጀሪካኗን አስቀመጠች፤ እኔም አስቀመጥሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ትንፋሻችን እስኪመለስ ቆየን። አላቀፈችኝም። የሻሿን ጫፍ ውሃ አስነክታ፣ እጀታው የላጠውን መዳፌን ጠረገችልኝ።

ከቀኑ 9፡10፤ መነሻ

ሼህ ሙህዬ አንድ ላይ ስንመለስ አይተው ዘሀራን ቂሙ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቋት።

«ተነቃንቋል ሼሃችን፤ አልወጣም» አለች።

«የተነቃነቀ ድንጋይ ከርሞ ይወጣል። አብሽሩ።»

ሐያት እግሯን ታጥባ ስትመጣ ሁለት ጥፍሯ ተሰብሯል። ሴቶቹ በስሟ ሳይሆን «የዓይኗ ልጅ» እያሉ ይጠሯታል፤ በዚያ መንደር ይህን ስም የሚያገኘው ምንጩን ያፈለቀ ብቻ ነው። ዘውዱን ለመጨረሻው ፎቶ እንድትጭን ሲለምኗት ጸጉሬ ጭቃ ነው ብላ እምቢ አለች።

ዘሀራ እስከ መኪናው ሸኘችን። በሩን ልዘጋ ስል ያዘችው።

«ለከርሞ በዋዜማው ነይ። ሳይጠየቅ በፊት፣ ቤት ቁጭ ብለን እንጨርሰው።»

ቀኑን እንዴት እንደማውቅ ጠየቅኋት። የጠረጋው ቀን የሚቆረጠው የውሃው መጠን ታይቶ ነው፤ ሦስት ቀን ሲቀረው ብቻ ይነገራል፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ የሚነግር ያስፈልገዋል።

«እደውልልሻለሁ» አለች። ወደ መሬት አይታ ቀና አለች። «እስክታነሺው ድረስ አላጠፋውም።»

«እሺ እቴቴ» አልኋት። በልጅነቴ የምጠራት እንዲህ ነበር።

ሰኞ፤ አዲስ አበባ

አቀስታ አድረን፣ ትናንት ሐያትን ኮምቦልቻ አድርሰን ተመለስን። ሣጥኑን መኪና ውስጥ ረስታው ስለነበር ጋሽ መኮንን እየሮጡ አደረሱላት። ዛሬ ጠዋት ክፍል ገብቼ አስተማርሁ። ለተማሪዎቼ ስልካቸውን እንዲያጠፉ ዘወትር እንደማዝዘው አዘዝሁ። የእኔን ግን አላጠፋሁትም። ከጠረጴዛው ላይ፣ ደወሉን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሬ አስቀመጥሁት። የከርሞው ጥር ሊመጣ አሥራ ሁለት ወር እንደሚቀረው አላጣሁትም።