ድምፄን እስክትሰሚ

ሸዋገነት «እስክመጣ ጠብቂኝ» የሚባለውን ነገር አትወድም። ነቀምቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የሴት ልጆች ማደሪያ ተቆጣጣሪ ከሆነች ወዲህ ይህ ቃል ካፏ ሲወጣ የሰማ የለም። ገበያ ልትወጣ ስትል ከልጆቹ አንዷ «አዮ ሸዋ፣ እዚሁ ልጠብቅሽ?» ካለቻት ፊቷ ልውጥ ይላል። «ማንንም አትጠብቂ! እግር የለሽም እንዴ?» ብላ ትቆጣለች። አዮ በአገሩ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ እናት ደግሞ ያለ ምክንያትም ትቆጣለች ብለው ልጆቹ ይስቁና ይተዉታል። ምክንያቱን አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም።

ሕንፃው የኦቦ ታፋ ነው። ተማሪዎች፣ ጀማሪ ነርሶችና ሱቅ የሚሠሩ ልጆች ተከራይተውበታል፤ ብዙዎቹም መንደር በተቃጠለበት በዚያ ክፉ ሰሞን ከጊዳ አያና መንደሮች ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ኦቦ ታፋ ደግ ሰው ናቸው። ያለባቸው ችግር አንድ ብቻ ነው፤ የማያውቁት ነገር የለም። ባለፈው ክረምት አንዷ ልጅ ልብስ ስትተኩስ መብራት ይጠፋባታል፤ ካውያውን ፍራሽ ላይ እንደተወችው ክፍሏን ቆልፋ ትሄዳለች። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ፍራሹ ውስጥ ውስጡን ሲነድ ይውላል። ደግነቱ ጭሱን ከመንገድ ያየ የባጃጅ ሹፌር ጮኸና በሩ ተሰብሮ ቤቱ ተረፈ። ኦቦ ታፋ ከዚያ ቀን በኋላ የእሳት አላርም ሳላስገባ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉ፤ ጅማ ተምሮ የመጣውን ቴክኒሻን ሌንጮንም አስጠሩት።

«ትልቁን ነው የምትገጥምልኝ። ነቀምቴ ሙሉ የሚሰማውን!» አሉት።

«ጩኸቱ ይደርሳል ኦቦ። መጀመሪያ ምን ሲያገኝ እንዲጮህ እንደምንፈልግ እንወስን» አለ ሌንጮ። አንደኛው ዓይነት ሙቀት ሲበዛ የሚጮህ ነው፤ ይኼ ጭስ ለማይጠፋበት ለወጥ ቤቱ ይሆናል። ሌላው ጭስ ገና ብቅ ሲል የሚጮህ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው ለሚተኛበት ክፍል ነው።

ኦቦ ታፋ አንዱን ዓይነት በጅምላ ገዝተው መገላገል ፈልገው ነበር። «ሙቀቱ ብቻ ይበቃናል። የጭሱ ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር ሊያስደነግጠን ነው» አሉ።

«መኝታ ክፍሉ የጭሱ ይግባበት» አለች ሸዋገነት፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ሙቀቱ እስኪደርስ ሰው አይቆይም። ጭሱ ነው የሚቀድመው።»

ኦቦ ታፋ አንዴ አዩዋትና ክርክሩን ተዉት። ወጥ ቤቱ የሙቀቱ፣ መኝታ ክፍሉና ኮሪደሩ የጭሱ ተገጠመላቸው። ሳይረኑን ግን ኦቦ ታፋ አልለቀቁም፤ ከተገኘው ሁሉ ትልቁ ደረጃው አናት ላይ ተሰቀለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ተሞከረ። ልጆቹ ሰሞኑን ሙከራ እንዳለ ተነግሯቸዋል፤ ቀኑ ግን አልተነገራቸውም። ሌንጮ ጨርቅ አጭሶ መሣሪያው ሥር ያዘ፣ ሳይረኑም ጮኸ። ኦቦ ታፋ ግቢው መሐል ቆመው በሩን በኩራት ይመለከታሉ። የጎረቤት ሰው ሁሉ ወጥቶ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ከማደሪያው ግን አንዲት ልጅ እንኳ አልወጣችም።

ሸዋገነት ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ በሳይረኑ መሐል ሌላ ድምፅ ሰማች። መቀርቀሪያ ይገባል፣ አልጋ እየተጎተተ በር ላይ ይደገፋል። በቁልፍ ብቻ የተዘጋውን አንድ በር በትርፍ ቁልፏ ከፍታ ስትገባ ቦንቱን አልጋ ሥር አገኘቻት። ቦንቱ የነርስነት ተማሪ ናት፣ ደፋር ልጅ፤ እሳት ሲነሳ በየት በኩል እንደሚወጣ ለሌሎቹ ያስረዳችው ራሷ ነበረች። አሁን አፏን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። የእሷም ቤት በዚያው ሰሞን ተቃጥሏል፤ እሳቱ የአማርኛ ተናጋሪውንና የኦሮምኛ ተናጋሪውን ቤት እየለየ አልነደደም። ሁሉም ልጆች አንድ ነገር ተምረው መጥተዋል፤ ውጭ ጩኸት ሲሰማ በር ተዘግቶ ጭጭ ይባላል።

«መሣሪያው ልክ ነው የሠራው» አለ ሌንጮ ግራ ገብቶት። ትንሽ አሰበና «የሚናገርም ዓይነት አለ። በሳይረን ፈንታ የተቀዳ የሰው ድምፅ ያሰማል» አለ።

«ደግሞ ማሽን ሊሰብከን ነው?» አሉ ኦቦ ታፋ። ወዲያው ግን ሐሳቡ ጣማቸው፤ ድምፁ የራሳቸው ይሆናላ! ቸርች ውስጥ ማይክ የለመደ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ውጡ! ሁላችሁም ባስቸኳይ ውጡ!» ብለው ቀዱ።

የሁለተኛው ሙከራ ቀን ከፊተኛው የከፋ ሆነ። ድምፁ ከጣሪያው እንደወረደ ለቅሶ ተሰማ። ከላይኛው ፎቅ አንዲት ልጅ በመስኮት ልትዘል እግሯን ስታወጣ ጓደኛዋ ቀሚሷን ጎትታ አስቀረቻት። ኦቦ ታፋ ይህን ሲያዩ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ምን አደረግኳቸው?» አሉ።

«አንቱ እኮ ምንም አላደረጉም» አለች ሸዋገነት። «ግን ያን ጊዜም በር ላይ ቆሞ ‹ውጡ› ያለው ወንድ ነበር።»

ሰውየው አቀረቀሩ። «ታዲያ እውነተኛ እሳት ቢመጣስ? በሩን ቆልፈው ሊነዱብኝ ነው? የማንን ድምፅ ነው የሚያምኑት?» አሉ።

«የአዮ ሸዋን» አለች ቦንቱ፣ ዓይኗ እንዳበጠ።

ሸዋገነት ይህን ስትሰማ ቁልፏን ሰበሰበች። «እኔ አልችልም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላ ክፍሏ ገባች። ኦቦ ታፋ ሥራ ስታዛቸው እንጂ እምቢ ስትል አይተዋት አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ሌንጮ ጓሮ አንሶላ ስታሰጣ አገኛት። ሊለምናት ነበር የመጣው፤ ፊቷን ሲያይ ግን ልመናውን ተወና የአንሶላውን ጫፍ ያዘላት። አንድ አንሶላ አሰጡ፣ ሌላም አሰጡ።

«ሙሉወርቅ የምትባል ልጅ ነበረችኝ» አለች።

ቤታቸው አያና ከተማ አጠገብ ነበር። አባቷ ከወሎ መጥቶ ያቀናው ቤት ነው፤ እሷም ልጇም የተወለዱት እዚያው ነው። ጩኸቱ በታችኛው መንደር በተነሳ ቀን ሙሉወርቅን ጎተራው ውስጥ፣ ከበቆሎው ኋላ ደበቀቻት። «አያትሽን ይዤ መጣሁ። ማንም ቢጠራሽ እንዳትወጪ። ድምፄን እስክትሰሚ ጠብቂኝ» አለቻት። እናቷን ይዛ ሳትመለስ ቤት የሚያቃጥሉት ሰዎች ቀድመዋት ደረሱ። ከቡናው ሥር፣ ከጎተራው ብትጣራ የምትሰማበት ርቀት ላይ፣ በሆዷ ተኛች። ብትጮህ እሷንም እናቷንም ያገኟቸዋል፣ ልጅቷም ትታወቃለች። ስለዚህ ክንዷን ነክሳ ዝም አለች። እነሱ ወደ ጎተራው አልሄዱም ነበር። የሄደው ከቤቱ ክዳን የተነሳው እሳት ነው።

«የጎተራው በር እኮ መቀርቀሪያ የለውም» አለች። «በእጇ ገፋ ብታደርገው ይከፈታል። የታዘዘችውን የምትሰማ ልጅ ነበረች፣ ሌንጮ። ስትጠብቀኝ ነው የቀረችው።»

ሌንጮ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም፤ መቆንጠጫውን ከአንሶላው ላይ ነቅላ መልሳ ሰካችው።

«እንግዲህ ‹ውጡ› በይ ነው የምትሉኝ። ለሷ ያላልኩትን ለሰው ልጆች ልበለው?»

ሌንጮ ሌላ አንሶላ አነሳላት። ከላይ በኩል ልጆቹ ሲሳሳቁ ይሰማል፤ አንዷ በመስኮት ብቅ ብላ «አዮ፣ ያንቺን ልብስ እኔ አጥባለሁ!» ብላ ተመለሰች። ሸዋገነት መስኮቱን ብዙ አየችው። ትናንት እግር የወጣበት መስኮት ነበር።

«ስልክህን አምጣው» አለች።

ኦሮምኛው አላስቸገራትም። «ኢጆሌ ኮ፣ አኑማ። ገዲ በኣ» አለች፣ ልጆቼ፣ እኔው ነኝ፣ ውጡ ማለቷ ነው፤ ባንድ ትንፋሽ ተቀዳ። አማርኛው ላይ ስትደርስ ግን አቆመች። ከሙሉወርቅ ጋር የምትነጋገረው በአማርኛ ነበር። ጀመረች፣ ተወች፤ ውኃ ጠጣች፤ ጀመረች፣ ተወች። በመጨረሻ ጀርባዋን ለሌንጮ ሰጥታ፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ልጅ በምታባብልበት ድምፅ ተናገረች።

«እኔ ነኝ። መጥቻለሁ። ውጡ፣ አይዟችሁ።»

ሦስተኛው ሙከራ በሌላ ቅዳሜ ሆነ። ሌንጮ ጨርቁን አጨሰ። የሸዋገነት ድምፅ ከየጣሪያው፣ ከየኮሪደሩ ወረደ። ግቢው ውስጥ ኦቦ ታፋ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። መጀመሪያ አንድ በር ተከፈተ። ከዚያ ሌላው። ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተንኳኳ፣ ልጆቹም እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ፤ ፀጉሯን በሳሙና የሞላች አለች፣ ሻይዋን እንደያዘች የወረደችም አለች። ቦንቱ የመጨረሻዋን ልጅ ከፊት አስቀድማ ወጣች። ኦቦ ታፋ እንደ ልጅ አጨበጨቡ፤ ልጆቹም ሸዋገነትን ከበው አቀፏት።

«እኔ ነኝ። መጥቻለሁ። ውጡ፣ አይዟችሁ» ይላል ድምፁ፣ ባዶው ሕንፃ ውስጥ።

ሌንጮ ወደ ማጥፊያው እጁን ዘረጋ። «ሁሉም ወጥተዋል አዮ። ላጥፋው?»

ሸዋገነት ከልጆቹ ክንድ መሐል ሆና በሩን ታያለች።

«አዮ፣ ሁላችንም ወጥተናል እኮ» አለች ቦንቱ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች ሸዋገነት፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። «ትንሽ ይቆይ።»

ሌንጮ እጁን መለሰ።