ባሕሩ የቀዘቀዘ ዓመት

ሰፈሩ የሚያውቀው «ፍልፈል» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሥራው የውኃ ጉድጓድ መቆፈር ነበር። ቁመቱ አጠር፣ ደረቱ ሰፋ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ወደ ጉድጓድ ሲወርድ «አፈር መልመዴ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ አይከብደኝም» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። የማትስቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ገመዱን በመዘውር የምታወርደውና የምታወጣው እሷ ስለሆነች፣ ከመውረዱ በፊት የገመዱን ቋጠሮ ስንት ጊዜ ፈትቶ እንደሚያስር ታያለች። ዕድሜውን መሬት ሥር ሲገባና ሲወጣ የኖረው ሰው ጠባብ ቦታ ይፈራ ነበር።

«ለምን አትተወውም?» ትለዋለች።

«ትቼው ምን ልንበላ? ፍርሃቴን ጠብሰን?»

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። የአየር ትንበያ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አንዳንድ ዓመት የአባቷ ሥራ የሚደራው፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ዝንብ ሲያባርር የሚውለው ለምን እንደሆነ ያስረዳችው እሷ ናት። አንድ እሑድ እናቷ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ ወደ መሀል ጎተተችው።

«አባዬ፣ ይኼ ሳፋ ከእኛ በጣም የራቀ ትልቅ ውቅያኖስ ነው እንበል። አረፋው ደግሞ ፀሐይ ያሞቀችው የላይኛው ውኃ።» እፍ አለችበት። አረፋው ተገፍቶ ከሳፋው ጠርዝ ሄዶ ተለጠፈ። «ነፋሱ ሁልጊዜ እንዲህ ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። አንዳንድ ዓመት ግን ነፋሱ ይደክመዋል።» እፍ ማለቷን አቆመች፤ አረፋው ቀስ እያለ ወደ መሀል ተመለሰ። «የሞቀው ውኃ እንዲህ ሲመለስ ደመናውም አብሮት ቦታ ይቀይራል። እኛ ጋ የሚመጣው ዝናብ ይቀንሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ነፋሱ ይበረታና ከሥር ቀዝቃዛው ውኃ ይወጣል። ያኔ እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ከልክ ያልፋል።»

«እንግዲያው አለቃዬ ባሕር ነው በይኛ!» አለ አባቷ። «ታዲያ በቀጠሮ አይሞቅም?»

«ቀጠሮ የለውም። በሁለት ዓመትም ይመለሳል፣ በሰባትም። ደግሞ ሞቀ ማለት የግድ ይደርቃል ማለት አይደለም፤ የመድረቁ ዕድል ይሰፋል ማለት ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ባሕሩ ሞቀ። ዝናቡ አንድ ዓመት ቀረ፤ በሁለተኛው ዓመት አቧራ አጥፍቶ ሄደ። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ሆነ፣ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። ፍልፈል ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲጠራ ውሎ ያድራል። ውኃው ደግሞ በሸሸ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ሰማዩ ከላይ እንደ ሳንቲም ትንሽ እስኪሆን ይወርዳል። ማታ ማታ እራት ፊቱ ቀርቦ መብላት ያቅተው ጀመር።

ከዚያ ልጁ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«አባዬ፣ ባሕሩ እየቀዘቀዘ ነው። ዘንድሮ ከባድ ዝናብ እንጠብቃለን። መሬቱ ደግሞ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውኃ ሲገባበት ይናዳል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ጉድጓድ እንዳትገባ። እማዬ ትሙት በለኝ!»

«እኔን ደግሞ በምን ዕዳዬ ነው የምትገድዪኝ?» አለች እናቲቱ። ሦስቱም ሳቁ። ሆኖም ፍልፈል ማለ።

ዝናቡ ጣለ። ለሁለት ቀን ያለ ዕረፍት ወርዶ ቆመና ፀሐይ ወጣች። በዚያው ቀን የልብስ እጥበት ቤት ያላት ሴት በራቸውን አንኳኳች። ግቢዋ ውስጥ የጀመረው ጉድጓድ ነበር፤ ከእርጥብ ጭቃ ደርሷል።

«ወንድሜ፣ ለሁለት ቀን ዝናብ ብለህ ትተወኛለህ? ቧንቧው እንደሆነ ጠብታ የለውም። የሚያጥቡልኝን ሴቶች ልበትናቸው ነው። አንድ ክንድ ቢቀረው ነው።»

ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «ምለሃል እኮ!»

«ዛሬን ብቻ። ሰማዩን እይው፤ እንደ ታጠበ ሳህን ነው።»

ጉድጓዱ ከላይ በሲሚንቶ ቀለበት ተደግፏል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ባዶ አፈር ነው። ፍልፈል ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ። የዚያን ዕለት አልቀለደም። ታች ሲደርስ የአፈሩ ሽታ ተለውጦበታል። አካፋውን እንዳነሳ ከጀርባው አንድ ድምፅ ሰማ፤ ከተቀደደ ጆንያ እህል የሚፈስ የመሰለ፣ ቀጭን ሽውታ። ዞሮ አየ። ከግድግዳው አሸዋ ይንጠባጠባል። ቀጥሎ ውኃ መጣ፤ እንደ ወትሮው ከሥር ሳይሆን ከጎን።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ገመዱን ሁለት ጊዜ ሲጎትት ግድግዳው ተናደ።

ዓይኑን ሲገልጥ እስከ ጭኑ ተቀብሯል። ከላይ የሚስቱ ጩኸት ይሰማል። ልብስ አጣቢዎቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው መጥተው ከገመዱ ላይ ተረባርበዋል።

«ሳቡ!» አለች አንዷ።

«ተዉ! ተዉ! ልትገነጥሉኝ ነው!» ድምፁ አሁን ወጣ፤ የራሱ ግን አልመስል አለው፤ የሕፃን ድምፅ ነበር።

ሚስቱ በደረቷ ተኝታ አንገቷን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። «ገመዱን ወጥራችሁ ያዙት፣ አትሳቡ! አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። ቦቲውን ተወው። እግርህን ብቻ አውጣ።»

«አልችልም።»

«ጣት የለህም? ጫር!»

ጫረ። አንድ እፍኝ ሲያወጣ ሁለት እፍኝ ይመለሳል። ውኃው እየሞላ ነው። እናቱን ጠራ፤ ከሞተች ቆይታለች። ሚስቱ ከላይ ንግግሯን አላቆመችም። ጣሪያውን ሳይደፍን ክረምት እንደገባ፣ የጎረቤት መሰላል ወስዶ እንዳልመለሰ፣ ባል ተብዬ እንደሆነ፣ እያወረደች ሰደበችው። ስድቧን እንደ ገመድ ይዞ ጫረ። አንዱ እግር ወጣ። ሁለተኛው ከነቦቲው እንቢ አለና፣ በመጨረሻ እግሩ ብቻውን ሾልኮ ወጣለት።

«አሁን!» ብሎ ጮኸ።

ጎተቱት። ገና ከአፋፉ እንዳነሱት ከሥር ድም የሚል ድምፅ መጣ፤ የሲሚንቶው ቀለበቶች ተከታትለው ወረዱ። ግቢው ተንቀጠቀጠ። ሁሉም እየጮኹ ሸሹ። የእጥበት ቤቷ ባለቤት ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላ «ገድዬህ ነበር፣ ወንድሜ፣ ገድዬህ ነበር» እያለች ታለቅሳለች። እሱ በጠራራ ፀሐይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሄዶ ጭቃ የለበሰ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደ። ፍልፈል ከቤት አልወጣም። የመታጠቢያ ቤቱን በር እንኳ መዝጋት አይችልም ነበር። ልጁ ስትመጣ ትቆጣኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ከእግሩ ሥር ተቀምጣ የተላጠውን ቁርጭምጭሚቱን ያዘች።

«እኔም እፈራለሁ፣ አባዬ» አለችው። «ትንበያ በጻፍን ቁጥር ማን የት ይሆን እያልኩ ነው የምሠራው። ደግሞ የተሳሳትንበትም ዓመት አለ።»

ክረምቱ ሲወጣ ፍልፈል አዲስ ሥራ ጀመረ፤ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅም የሲሚንቶ ገንዳ፣ ከመሬት በላይ መሥራት። የመጀመሪያውን የሠራው ለእጥበት ቤቷ ነው። ቀጥሎ ለራሱ ግቢ ሠራ። ከዚያ ጎረቤት ጠራው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሕሩ እንደገና ሞቀ። ዝናቡ ቀረ። ሰዎች መጥተው «ጋሽ ፍልፈል፣ አንዴ ብቻ ውረድልን» አሉት።

«እፈራለሁ» አላቸው፣ በአጭሩ። ተቀይመው ሄዱ።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘው። በየማለዳው ገንዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ባዶ የሚጮኸው ቦታ በየሳምንቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሚስቱ የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ለአትክልት፣ የገላውን ለሽንት ቤት አደረገች። «ባሕሩ አልቀዘቀዘም?» ብሎ ለልጁ ይደውላል። «ገና ነው፣ አባዬ» ትለዋለች።

ገንዳው ሥር ደለል ብቻ ሊቀር ሲል ዝናቡ መጣ፤ ስስ፣ የሚያንጠባጥብ ዝናብ። ባልና ሚስት ከበረንዳው ቆመው የአሸንዳውን ድምፅ አዳመጡ። ይበረታ ይሆን ወይስ ያቆም፣ አንዳቸውም አያውቁም ነበር።