ከጀርባሽ አውርጃት

የልጄ ልጅ የተወለደችው ቢቸና ነው። እኔ ሞጣ ስለምኖር ክርስትና ስትነሣ አይቻት፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ሳላያት ብዙ ቆየሁ። እንደገና ስሄድ በእግሯ ትሄዳለች። አንድም ቃል ግን ከአፏ አልወጣም።

ስለዚህ ነገር ሳነሣ የልጄ አማት ሳቁብኝ።

«አባቷም እንዲሁ ነበር እትዬ። ምላሱ ሲፈታ ግን ማን ያስቁመው! ይኸው እስከ ዛሬ ይለፈልፋል።»

«ደግሞ ትሰማለች እማዬ፤ እዪ» አለች ልጄ። ያዘለቻትን ልጅ «የኔ እመቤት!» ብላ ስትጠራት፣ ሕፃኗ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

ልቤ ስላላረፈ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ከሩቅ አገር የተመደበ ወጣት ነርስ ከኋላቸው መጥቶ በኃይል አጨበጨበ። ልጄ ደነገጠች፤ ሕፃኗም ዓይኗን አፈጠጠች። «ትሰማለች እማማ፣ አይዞዎት» ብሎ ሸኘን።

በማግሥቱ ልጄ ገበያ ስትወጣ ሕፃኗ ምንጣፍ ላይ ትጫወት ነበር። ከኋላዋ ጠራኋት፤ አልዞረችም። እጄ ላይ የነበረው የድስት ክዳን አምልጦኝ ሲወድቅም አልዞረችም። ስታለቅስ አዘልኳት። «ምን ሆንሽ?» ከማለቴ ጭንቅላቷን አነሣች፤ ከዚያም ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች።

ያን ጊዜ ገባኝ። የምትሰማው በጆሮዋ ሳይሆን በገላዋ ነው። የሚያዝላት ሰው ሲናገር ድምፁ በጀርባው በኩል ይደርሳታል፤ ሲደነግጥም አብራው ትደነግጣለች። እኛ ደግሞ የፈተንናት ሁሌም እንደታዘለች ነው።

ተመልሰን ሄድን።

«ትናንት አየኋት አይደል እማማ?» አለ ነርሱ።

«ያየሃት እናቷ አዝላት ነው።» ወደ ልጄ ዞርኩ። «ከጀርባሽ አውርጃት።»

ልጄ አውርዳ መሬት አስቀመጠቻት። ነርሱ ከኋላዋ ዞሮ አጨበጨበ። ደግሞ አጨበጨበ። ሕፃኗ የጫማዋን ማሰሪያ ትጎትታለች።

«እዚህ የጆሮ መመርመሪያ የለንም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ልጻፍላችሁ።»

ሞጣ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል፣ ከዚያ ወዲያ መኪና የለም ተባለ። ክረምቱን እኔ ቤት አሳለፍነው። በመጨረሻ ባሕር ዳር ስንደርስ ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለች። ቆይቶ ለጆሮዋ መሣሪያ ተገኘላት። መሣሪያው ብቻውን ግን ንግግር አያስተምርም፤ ለልምምድ እየተመላለሳችሁ ኑ ተባልን። ለባሕር ዳር ከቢቸና ይልቅ ሞጣ ይቀርባል ብለን ልጅቷ እኔ ዘንድ ቀረች።

መንገድ ሲከፈት እንሄዳለን። ሲዘጋ እኔው አለማምዳታለሁ። ፊት ለፊቷ ተቀመጪ፣ አፍሽን ትመልከት ብለውኛል። እሷ ግን ይህን አትወድም። ሲደክማት መሣሪያውን ነቅላ ትጥልና ከኋላዬ ዞራ እንዳዝላት ልብሴን ትጎትታለች።

ዛሬም እንዲሁ አደረገች። ጉልበቴን ያመኛል፤ መሬት ቁጭ ከማለት ማዘሉ ይቀለኝ ነበር። መሣሪያውን መልሼ አደረግኩላትና ወደ ፊቴ አመጣኋት።

«ውሃ» አልኳት።

አፌን አየች።

«ውሃ» አልኳት ደግሜ።