የመብራት ማማው ሦስተኛ ጥሪ

የጓደኛዬ እናት ማክሰኞ አረፉ። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ረቡዕ የደወለው ግን ለእኔ ነው። ዙሪክ፣ ቪዲኮን የሚባል ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። «በስልክ እንዳትነግሪያት፤ ጄኔቭ ብቻዋን ናት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ሰው ሰብስባችሁ አርዷት» አለኝ።

ወጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። የዙሪክ ቸርቻችን ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ማታ ጄኔቭ ገብተው ሊያድሩ፣ እሑድ ንጋት ላይ በሯን ሊያንኳኩ ተስማሙ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቀድሜ ሄጄ እንዳጫውታት፣ ከስልኳ እንዳርቃት፣ ምንም እንዳይገባት እንዳደርግ ተመደብኩ። ውሸት እችላለሁ፤ ለዚያ መመረጤ ገብቶኛል።

ከዘጠና ሰባት ምርጫ በኋላ ተሰደን ስዊስ ስንገባ በአንድ ካምፕ፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ሁለት ዓመት ኖረናል፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። ወረቀታችን አገር ቤት ስለማያስገባ ከዚያ ወዲህ እናቷን በዓይኗ አላየቻቸውም። ጥቁር ሻሼን ቦርሳዬ ሥር ደብቄ ባቡር ተሳፈርኩ።

ጓደኛዬ ወደ ጄኔቭ ሐይቅ ዘልቆ በሚገባ የድንጋይ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ካፌ ወጥ ቤት ትሠራለች። መንገዱ ጫፍ ላይ የድሮ ነጭ የመብራት ማማ አለ። ከሰዓት በኋላ ስደርስ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ውሃውን እያነሳ ድንጋዩ ላይ ይረጨዋል፤ የተረጨው እዚያው በረዶ ይሆናል። አጥሩም አግዳሚ ወንበሩም በረዶ ለብሰው ነበር። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና ጆሮዬ ስር መጣች።

«ፋሩ ጋ የሆነ ነገር ይጠራኛል።» ፋር የምትለው ማማውን ነው።

«ምን ብሎ?»

«በቤት ስሜ። የእማዬ ድምፅ ነው። ማክሰኞ ጠራኝ፤ ሐሙስ ደገመኝ።»

በቤት ስሟ የሚጠሯት እናቷ ብቻ ነበሩ። በረዶው አንሸራተተኝ ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

አብሯት የሚሠራው ሽማግሌ ሲሰማ አልሳቀባትም። ድሮ ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የቀረባት ሴት ማማው ሥር ቆማ ስትጣራ ሞታለች፣ ቢዝ በነፈሰ ቁጥር ትጣራለች፣ የመለሰላት ሰው ሬሳው ከሐይቁ ይወጣል ብሎ ነግሯታል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

«ጴንጤ ሆነሽ ጋኔን ትፈሪያለሽ?» አልኳት።

«ባልፈራው ለምን እገሥጸዋለሁ?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «እማዬ ልጅ ሆኜ ምን ትለኝ ነበር መሰለሽ? ሰው ሳይታይሽ ስምሽ ሲጠራ አቤት እንዳትይ፤ ጋኔን ሁለቴ እንጂ ሦስቴ አይጠራም። ሦስተኛ ከተጠራሁ ሰው ነው ማለት ነው። አቤት እላለሁ።»

«ናፍቀውሽ ነው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።»

«ታዲያ ለምን ስልክ አታነሳም?»

«አገር ቤት ኔትወርክ የለም አሉ።»

እንዲህ ብዬ እንዴት ዓይኗን እንዳየሁት አላውቅም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

እንመለስ ብላት እምቢ አለች፤ እየጎተተችኝ ማማው ሥር ደረስን። ገና አልጨለመም፤ ከኛ በቀር ግን ሰው አልነበረም። ነፋሱ አንዴ ጋብ አለ። ያኔ እኔም ሰማሁት። የሴት ድምፅ ነው፤ ደጅ የሚጫወት ልጅ ለእራት እንደሚጠራ፣ መጨረሻው ላይ ሳብ የሚል። የቤት ስሟን ነበር። ነፋስ ነው በይ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ነፋስ ነበር ብዬ አልምልም።

ፊቷ በራ። አፏን ከፈተች፤ «አ—» ስትል በጓንቴ አፈንኳት። ታገለችኝ፤ አልለቀቅኳትም። ለሐይቁ ሰግቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። አቤት ካለች ሁሉም ይገባታል፣ ሰው ሳይሰበሰብ መርዶው በእጄ ይበላሻል፣ ትልልቆቹ ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ስለቅቃት ማማው ዝም ብሏል። እጄን ገፍታ ወደ ቤቷ ቀደመችኝ።

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፍታ ሰዎቹን አየች፣ ዞር ብላ ደግሞ እኔ ያሰርኩትን ጥቁር ሻሽ አየች። አልጮኸችም።

«መቼ?» አለች።

«ማክሰኞ፣ ልጄ» አሉ ትልቁ ሰውዬ።

ያየችው እሳቸውን አልነበረም።

«ሦስተኛው ነበር» አለችኝ። «ልትሰናበተኝ ስትመጣ አፌን ያዝሽብኝ።»

ለቅሶው ላይ ሳምንት ሙሉ ወጥ ሠራሁ፣ ሰው አስተናገድኩ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ስላት አነሳችኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁም ብላኛለች። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ከዙሪክ ስደውልላት በመጀመሪያው አታነሳም፣ በሁለተኛውም አታነሳም። ሦስተኛው ላይ ታነሳለች። አቤት ግን አትልም።